የሲስተር ወይኔ ሕመሞች

ሲስተር ወይኔን መጀመሪያ ያየኋት ስታነክስ ነው። ሁለተኛ ያየኋት ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወጣ ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ጊዜ ሻይ ለማፍላት እንኳ አይበቃም። ያን ቀን ወይ ዓይኔ ደክሟል፣ ወይ ይቺ ልጅ ጉድ አለባት አልኩ። ዓይኔ ደግሞ ያኔ ደህና ነበር፤ ክር በመርፌ ቀዳዳ ያለ መነጽር አስገባ ነበር።

ወይኔ እውነተኛ ስሟ አይደለም። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ደረቷ ላይ በትንሽ ፕላስቲክ ተጽፎ ተንጠልጥሏል፤ ግን በዚያ ስም የሚጠራት ሕመምተኛ አልነበረም። ስሙን ያወጣላት ከሕመምተኞቹ አንዱ የሆነ ፀጉር አስተካካይ ነው። ጠዋት በር ላይ ድምጿ ሲሰማ፣ "ወይኔ ወገቤን! ወይኔ ጉልበቴን!" ስትል፣ "መጣች ሲስተር ወይኔ" ይላል። እንዲያው ስሟ ሆኖ ቀረ።

ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ተገኝቶበት ኦፕራሲዮን ሊደረግ የተኛ ጊዜ ነው። የወንዶች ክፍል ነው፤ ረጅም፣ ግድግዳው እስከ ወገብ አረንጓዴ ከወገብ በላይ ነጭ የተቀባ። አልጋዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረዋል፣ በመሃል የመድኃኒት ጋሪ የምታልፍበት መንገድ አለ። የጋሪዋ አንድ ጎማ ይጮሃል። ዘይት የሚቀባው ሰው ይጠፋል እንዴ እያልኩ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ አሁን ግን የትም ቦታ እንደዚያ ያለ ጩኸት ስሰማ ያ ክፍል ከነሽታው፣ ከነሰዎቹ ይመጣብኛል።

ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ጡረታ ወጥቶም እጁ መሪ ይፈልጋል። አልጋ ላይ ተጋድሞ ጋሪዋ ስትመጣ፣ "ቀኝሽን ያዢ! ቀኝሽን!" እያለ የምትገፋትን ነርስ ያስደነግጣት ነበር።

ለጠጠሩ የራሱ መድኃኒት ነበረው። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና እርድ ይወቅጣል፣ በማር ይበጠብጠዋል፣ ከዚያ ስሙን ለእኔም ያልነገረኝን አንድ መራራ ሥር ይጨምርበታል። ሽታው ከእኛ ቤት ወጥቶ የጎረቤት በር ያንኳኳል። ሆስፒታል ሲገባ፣ "ይኸው ተውኩት፣ ከዛሬ ጀምሮ የሐኪም ነኝ" ብሎ ማለልኝ። ሻንጣውን ስፈታ ግን ቀይ ክዳን ያለው አንድ የፍሬን ዘይት ዕቃ አገኘሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"አታይም እንዴ? የፍሬን ዘይት ነው።"

"ሆስፒታል ውስጥ የፍሬን ዘይት ምን ያደርግልሃል?"

"ልማድ ነው። አጠገቤ ካልሆነ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

ከሹፌር ጋር ዕድሜዋን የገፋች ሴት ከዚህም የባሰ ሰምታለች። ዕቃውን አቀበልኩት።

አሁን ወደ ልጅቷ ልመለስ። የሲስተር ወይኔ ሥራ መጠየቅ ነበር። በዚያ ሆስፒታል አንድ ሰው ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ደሙ አልቆም ብሎ ሐኪሞቹን ላብ በላብ ካደረጋቸው ወዲህ ትእዛዝ ወጥቷል፤ ቢላዋ ስር የሚገባ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚወስደው ቅጠል፣ ሥር፣ ዱቄት ካለ አስቀድሞ ይጠየቅ ተባለ። አንዳንዱ ደም ያቀጥናል፣ አንዳንዱ ከማደንዘዣው ጋር ይጣላል። ሥራው ለእሷ ተሰጣት። እሷም ወረቀቷን ይዛ እያንዳንዱ አልጋ ጋ ቆማ በትሕትና ጠየቀች።

ታዲያ ማን ይናገራል?

"የሚወስዱት የቤት መድኃኒት አለ?" ስትል፣ "እኔ? ኧረ ምን በወጣኝ!" ይሏታል። ፀጉር አስተካካዩማ፣ "እኔ በሳይንስ ነው የማምነው፣ ምላጭ የምቀቅል ሰው ነኝ" አላት። በመስኮቱ በኩል የተኙ አንድ ጡረተኛ ዳኛ ነበሩ። ምንም እንዳልወሰዱ ቀኝ እጃቸውን አንስተው ሲምሉ፣ ከልብሳቸው እጅጌ የደረቀ ቅጠል ተንጠባጥቦ ጫማዋ ላይ ወደቀ። ዳኛው ቅጠሉን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ "የእኔ መሆኑ አልተረጋገጠም" አሉ።

አልፈርድባቸውም። አንዱ ይቆጡኛል ብሎ ይፈራል፣ አንዱ አልጋዬን ይነጥቁኛል ብሎ ይፈራል። ትልቅ ሰው ነርስ ፊት ሲቀርብ ልጅ ይሆናል።

ነገሩ የተገለጠላት በአደጋ ነው። አንድ ቀን ወረቀቷን እያየች ስትሄድ ቅልጥሟ ከአልጋ ብረት ጋር ተላተመ። "ወይኔ እግሬን!" ብላ ወለሉ ላይ ቁጭ። ይሄኔ ትራሱ ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሳ። ፀጉር አስተካካዩ በጨርቅ የተቋጠረ የሥር ዱቄት ወረወረላት። ዳኛው ያንን ያልተረጋገጠ ቅጠል በምራቃቸው አርሰው፣ "ለጥፊበት!" አሉ። አንዱ ቅባት፣ አንዱ ዘይት፣ አንዱ በጠርሙስ የሆነ ጥቁር ውሃ። ትናንት አንድም ነገር አልወስድም ያለ ሰው ሁሉ ዛሬ እንዴት እንደሚወሰድ ለማስተማር ይሻማል። እሷ ወለል ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት እጇ በመድኃኒት ተሞልቶ፣ ታለቅስ ነበር አሉ። ከሕመሙ መስሏቸዋል። በኋላ ስትነግረኝ ግን፣ "እትዬ፣ ከደስታ ነው" አለችኝ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጤነኛ ሆና ወደዚያ ክፍል ገብታ አታውቅም።

እኛ ጋ የመጣች ቀን ጎኗን ይዛ፣ አንድ እግሯን እየጎተተች ነበር። ባለቤቴ ከትራሱ ቀና አለ።

"እንዴት አደሩ አባባ?"

"እኔስ ደህና። አንቺ ግን ምን ሆነሻል ልጄ?"

"ተዉት አባባ። ወይኔ ጎኔን! እስከ እግሬ ይወርድና ያስነክሰኛል።"

"ከቀኝ በኩል?"

"ከቀኝ።"

"ቅባት ስትበይ ይብሳል?"

"ቅባትማ ከቀመስኩ አለቀልኝ።"

"ጠጠር ነው!" አለ ባለቤቴ። ሰው በሰው ጠጠር እንዲህ ሲደሰት አይቼ አላውቅም። ግራ አየ፣ ቀኝ አየ። "አንቺ፣ በሩን ጠብቂልኝ" አለኝና የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ከትራሱ ስር አወጣ። ክዳኑን ሲከፍተው ሦስት አልጋ አልፎ ፀጉር አስተካካዩ አሳለው።

"ጠዋት በባዶ ሆድ ሁለት ጉንጭ። ፊትሽን አታጨማድጂበት፣ እንዳይከፋው።"

"እርስዎም ይጠጡታል አባባ?"

"ዛሬም ጠጥቻለሁ እንጂ!"

እኔ በሩን መጠበቁን ትቼ አፌን ይዤ ቀረሁ። እሷ ግን ከኪሷ ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ አውጥታ አስሞላች። "እዚህ ካዩኝ ይቆጡኛል፣ ቤቴ ሄጄ ልጠጣው" አለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ዕቃው ጣል አድርጋ፣ "ግን አባባ፣ ይሄ ለሁለታችን ይበቃል?" አለች። ባለቤቴ ሆዱ ባባ። ዕቃውን ነቅነቅ አድርጎ አዳመጠው።

"እኔ ሽማግሌ ነኝ። ለአንቺ ትቼዋለሁ። ከነገ ጀምሮ ጠብታ አልነካም" አላት።

እኔ በሕይወቴ ሙሉ ለምኜው ያልተወውን ነገር በአንድ ጠዋት አስተወችው።

ልክ ከክፍሉ እንደወጣች ተከተልኳት። ይቅርታ ልጠይቅለት፣ ያ ነገር ይጎዳው እንደሆነም ላጣራ ብዬ ነው። ደረጃው ጋ ስደርስ ሲስተር ወይኔ ብልቃጡን ከፍ አድርጋ ይዛ ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወጣለች።

"ሲስተር!" አልኩ።

አንድ እግሯ አየር ላይ ቆመ። ቀስ ብላ አወረደችውና ማነከስ ጀመረች። ያነከሰችው ግን በሌላኛው እግሯ ነው።

"እሱ አይደለም ያመመሽ" አልኳት።

ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ተስፋ ቆርጣ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "እትዬ፣ በናትዎ እንዳይናገሩብኝ።"

"ምኑን?"

"ጤነኛ መሆኔን።"

አጠገቧ ተቀመጥኩና አወጋችኝ። እናቷ ኦፕራሲዮን ሲደረጉ ሐኪሙ ጠይቋቸው ነበር። "ምንም አልወስድም" ብለው ነበር። እሷ ያኔ ገና ልጅ ናት፣ አልጋው ጫፍ ላይ ቆማለች፣ እናቷ ጠዋት ጠዋት ምን እንደሚጠጡ ታውቃለች። ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ ልጅ አይገባምና ዝም አለች። እናቷ ከዚያ ጠረጴዛ አልተነሱም። ይሄን ያለችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ደግማ አላነሳችውም፣ እኔም እስከ ዘንድሮ አልጠየቅኋት። "ብልቃጡን ለሐኪሙ ልስጥ፣ ባለቤትዎን ዛሬ ኦፕራሲዮን ሊያስገቧቸው ነበር" ብላ ተነሳች። ሮጠች።

ባለቤቴ በዚያ ቀን አልገባም። ዋናው ሐኪም መጥተው ደሙ እንደቀጠነ፣ እስኪስተካከል እንደሚቆይ ነገሩት። "በምን አወቁ?" አለኝ እሱ። "መሣሪያ አላቸው" አልኩት። "ኧረ ይሄ መሣሪያ!" አለና ጣሪያውን ሲያይ ዋለ።

ክፉው ነገር መቆየቱ ነው። ሥራ የፈታ ሹፌርን እግዜር አያምጣው። ሰው ማማከር ጀመረ። ከአልጋ አልጋ እየዞረ ስለ ሲስተር ወይኔ ያወራል።

"ምስኪን ልጅ፣ ጠጠር አለባት" አለ።

"የምን ጠጠር?" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "ኩላሊቷ ነው! ለእኔ ነግራኛለች። ሥሬን በሙሉ ትቼላታለሁ።"

"ሁለታችሁም ተሳስታችኋል" አሉ ዳኛው ከመስኮቱ በኩል። "ልብ ነው። ደረጃ መውጣት አትችልም። ቅጠሌን ለእሷ ለቅቄያለሁ።"

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዱ አልጋ ራስ ምታት አለ፣ አንዱ አስም፣ በሩ ጋ የተኛው ሰውዬ እያፈረ ኪንታሮት አለ። ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ደህና ቦታ ጠፋላት። ዳኛው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ይህች ሴት" አሉ፣ "በሕይወት መኖሯ ራሱ ከሕግ ውጭ ነው።"

ባለቤቴ እንባውን በእጅጌው ጠረገ። "እንዲህ ሆና እኛን ታስታምማለች! እኛ ተኝተን እሷ ቆማ! ተነሱ!" አለ።

እናም ተነሱ። ይሄን ያላየ አያምነኝም። የክፍሉ ወንድ ሁሉ ከኋላ ክፍት የሆነውን የሆስፒታል ልብስ በአንድ እጁ ጨብጦ፣ በሌላው ግሉኮስ የተንጠለጠለበትን ብረት እየገፋ፣ ኮሪደሩን ይዞ ወደ ዋናው ሐኪም ቢሮ ተመመ። መቆም የማይችለውን በመድኃኒት ጋሪዋ ላይ ጫኑት፤ ጎማዋ ትጮሃለች። ባለቤቴ ከፊት ሆኖ፣ "ቀኛችሁን ያዙ! መታጠፊያ አለ!" ይላል። ዳኛው በሩን ሦስት ጊዜ አንኳኩ፣ ችሎት የሚከፈት ይመስል።

ንግግሩን ያደረገው ባለቤቴ ነው። "ጌታዬ፣ እኔ ሹፌር ነበርኩ። ሞተሩ የሚያጨስ፣ ፍሬኑ የማይዝ፣ መሪው የሚንቀጠቀጥ መኪና ለሥራ አይወጣም። ይቺ ልጅ ግን በየቀኑ እየወጣች ነው። ወደ ጋራዥ ትግባልን።"

ዋናው ሐኪም የዚያን ሁሉ ሰው ባዶ እግር አዩ። ማትሮኗን ጠሩ። የነርሶቹ አለቃ ናት፤ ቀጭን፣ ጸጉሯን ጠበቅ አድርጋ የምታስር፣ ሳቅ የማታውቅ። ሁለቱ ተመካክረው ሲስተር ወይኔ በማግስቱ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት ቀርባ ትመርመር ተባለ።

ደረጃው ላይ አገኘኋት። ፊቷ ነጭ ወረቀት መስሏል።

"እትዬ፣ ባለቤትዎ ገደሉኝ።"

"ምን አደረገሽ?"

"ታምሜ ብገኝ ከክፍሉ አውጥተው ምድር ቤት፣ አሮጌ ካርድ ማውጫው ውስጥ ይጥሉኛል። ማትሮኗ ቦታውንም አዘጋጅታለች። ጤነኛ ብገኝ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ሰዎች እንዳታለልኳቸው ያውቃሉ። ማን ትራሱን ያነሳልኛል ከዚያ በኋላ? አንዱ እንደ እናቴ ምንም አልወስድም ብሎ ይገባና..." አልጨረሰችውም። "ይተዉት ይበሏቸው።"

ሄድኩ። ባለቤቴ አልጋው ላይ እንደ ድል አድራጊ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነገር ተወው።"

"ምኑን?"

"የልጅቷን ነገር። ምናልባት ያን ያህል አላመማትም ይሆናል።"

ቀና ብሎ አየኝ። "አንቺ ሴት፣ መቼ ነው ልብሽ እንዲህ የጨከነው?"

"ጨክኜ አይደለም..."

"ኪንታሮት እንኳ አለባት እኮ!"

ተውኩት።

በማግስቱ ከጠዋት ጀምሮ መረመሯት። ደሟን ቀዱ፣ ራጅ አነሷት፣ ልቧን አዳመጡ፣ ደረጃ አስወጡ አስወረዷት። ክፍሉ በሙሉ ኮሪደር ላይ ወንበር ይዞ ይጠብቃል፤ እንደ ዘመድ። አንዱ ለሌላው ሾርባ ያቀብላል። ፀጉር አስተካካዩ ከጭንቀት የተነሳ የዳኛውን ጢም ሁለት ጊዜ ላጨው፤ ለሁለተኛው ጊዜ የሚላጭ ነገር አልነበረውም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አረንጓዴውና ነጩ ቀለም የተገናኙበትን መሥመር በጣቴ እከተላለሁ። አጠገቤ ያለው ሰው ሁሉ ታማ እንዳትገኝ ይጸልያል፣ እኔ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፍቶኝ ነበር።

በሩ ተከፈተ። ዋናው ሐኪም ወጡ። ከኋላቸው ሲስተር ወይኔ አንገቷን ደፍታለች፣ ከእሷ ኋላ ማትሮኗ።

"ይህች ሴት" አሉ ዋናው ሐኪም፣ "ምንም የላትም። ጠጠር የለ፣ ኩላሊቷ ንጹሕ፣ ልቧ እንደ ሰዓት ነው። እዚህ ከቆምነው ሁሉ ጤነኛዋ እሷ ናት።"

የግሉኮሱ ጠብታ ይሰማል። ባለቤቴ ሲስተር ወይኔን አያት፣ ሐኪሙን አያቸው፣ እንደገና እሷን አያት። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ቀስ እያለ ሲዞር አየሁ። አለቀ፣ ገባው አልኩ። ሲስተር ወይኔ ዓይኗን ጨፈነች።

"ሥሬ!" ብሎ ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ። "ሥሬ ነው ያዳናት! አላልኩም?"

"የምን ሥር!" አለ ባለቤቴ። "የታጠበችው በእኔ ነው! ጠጠሩ የት ሄደ? ሟሟ እኮ! ሟሟ!"

"ልቧ እንደ ሰዓት ነው ተብሏል" አሉ ዳኛው። "ልብ የማን ድርሻ እንደሆነ ችሎቱ ያውቃል።"

"እርስዎ ዝም ይበሉ፣ ከእጅጌዎ የረገፈ ቆሻሻ ሰው አያድንም!"

"ቃልህን አንሳ!"

በሩ ጋ የሚተኛው ሰውዬ ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ "ኪንታሮቷስ? የእሱን ማን አዳነው? የእኔም ይቆጠርልኝ እንጂ!" አለ። አንዱ የአንዱን የግሉኮስ ብረት ያዘ፣ ልብስ የያዘው እጅ ሁሉ ለክርክር ተለቀቀ፣ ማትሮኗ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ሳቅ የማታውቅ ያልኳት ተሳስቼ ነው። ሲስተር ወይኔ ዓይኗን ገለጠች፣ በዚያ ሁሉ ጫጫታ መካከል እኔን ፈለገችና አንድ እግሯን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጎተት አደረገች።

ክፍሏ ለእሷ ቀረላት። ግን ጣጣው አላለቀም። ልጅቷ ከዳነች ባለቤቴ የሚያስቀርላት ነገር የለም። በማግስቱ ጠዋት ስመጣ የፍሬን ዘይቱ ዕቃ በግልጽ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ውሃው አጠገብ ቆሟል። "ሁለት ጉንጭ ልትል ነው?" አልኩት። "አራት" አለኝ። "ሥራውን በዓይናችን አየን አይደል?" ክፍሉ ሁሉ እንደዚያው ነበር። ከእንግዲህ የሚደብቅ የለም፤ ቅጠሉ፣ ዱቄቱ፣ ጥቁሩ ውሃ ሁሉ ወጥቶ በአደባባይ ይጠጣል። መጠየቅ ሳያስፈልጋት ሁሉን በዓይኗ ታያለች፣ ግን ማስቆም አትችልም።

ሮጬ ነገርኳት። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ፀጉሯን በተን አደረገች፣ ሆዷን ያዘች፣ በሩን በትከሻዋ ገፍታ ገባች።

"ወይኔ ሆዴን! ወይኔ፣ ወይኔ!"

"ምነው? ምን ሆንሽ ደግሞ?" ሁሉም ተነሳ።

የባለቤቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተደፋች። "አባባ፣ የእርስዎም ጥሩ ነበር። የዳኛውም ጥሩ ነበር። ሐኪሞቹ ደግሞ ትናንት ክኒን ሰጡኝ። ሦስቱ ሆዴ ውስጥ ተገናኙና..." እጇን ግራና ቀኝ አጋጨችው። "ሌሊቱን ሲደባደቡ አደሩ።"

ይሄ ገባቸው። ትናንት ኮሪደር ላይ ራሳቸው እንዴት እንደነበሩ ያስታውሳሉና። ዳኛው ቅጠላቸውን እጥፍ አድርገው ኪሳቸው ከተቱ። ባለቤቴ ግን ዕቃውን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ።

"አንድ መሪ ላይ ሁለት ሹፌር ማለት ነው" አለ በመጨረሻ።

"እንደዚያ ነው አባባ። ሐኪሙ መሪውን ሲጨብጡ ይሄኛው ይውረድ።"

"ተሳፋሪ ሆኖም አይቀመጥም?"

"አይቀመጥም።"

ክዳኑን ጠበቅ አድርጎ ዘጋው። ዕቃውን በጨርቅ ጠራርጎ በሁለት እጁ ሰጣት። "እስክድን አስቀምጪልኝ። ለሌላ ሰው እንዳትሰጪብኝ፣ ታዲያ" አላት።

"አስቀምጥልዎታለሁ" አለች።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ። ጠጠሩን በጠርሙስ አድርገው ሲያሳዩት፣ "ይሄ ሁሉ እኔ ላይ ተጭኖ ነበር?" ብሎ ተገረመ። ቤታችን ገባን። ዕቃውን ረሳው፣ እኔም አላስታወስኩትም። ስንት ዘመን ከዚያ በኋላ አብረን ኖርን፤ የሞተውም በሌላ ነገር ነው፣ በዕድሜ፣ በእንቅልፉ። ሲስተር ወይኔ ለቅሶ መጥታ ነበር። እያነከሰች። ልማድ ነው ብዬ በልቤ ሳቅኩ፤ ለካ ጉልበቷ እውነት ታሞ ነበር።

ዘንድሮ ተኛች። ጡረታ ከወጣች ቆይታለች፣ ጉልበቷን ሊሠሩላት ነው፣ በዚያው ሆስፒታል፣ በሴቶቹ ክፍል። ልጠይቃት ሄድኩ። ግድግዳውን እስከ ላይ ነጭ ቀብተውታል፤ አልወደድኩትም። አንዲት ለጋ ነርስ ወረቀት ይዛ አልጋዋ ጋ ቆማለች።

"የሚወስዱት የቤት መድኃኒት አለ፣ እማማ?"

"እኔ?" አለች ሲስተር ወይኔ። "ኧረ ምን በወጣኝ!"

ልጅቷ ጽፋ ሄደች። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ያንን ቃል ያለችበትን አፍ አየሁት፣ ትራሷን አየሁት። ከዚያ ከዘራዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ፣ ጉልበቴን ያዝኩና፣

"ወይኔ ጉልበቴን!" አልኩ።

"ምነው እትዬ! ያምዎታል እንዴ?" ብላ እጇን ወዲያው ትራሷ ስር ሰደደች። እጇ መሃል ላይ ቆመ። አየችኝ፣ አየኋት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ አጠገቧ የተኙት ሴትዮ ከእንቅልፋቸው ባነኑ።

እየሳቀች አወጣችው። የፍሬን ዘይቱ ዕቃ ነው። ጽሑፉ ጠፍቷል፣ ክዳኑ ግን ያው ቀዩ ክዳን። ከፈትኩት። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ እርድ፣ ማር፣ ያ መራራ ሥር። ባለቤቴ እዚያው ተቀምጦ ቀኝሽን ያዢ የሚለኝ መሰለኝ።

"ሥሩን እንዴት አወቅሽው? ለእኔ እንኳ አልነገረኝም።"

"ጠየቅኋቸው እኮ" አለች። "ያኔ፣ ወይኔ ጎኔን እያልኩ።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "እትዬ፣ በናትዎ እንዳይናገሩብኝ።"

"እናትሽ ምን ነበር ያሉት ለሐኪሙ?" አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ከዚያ እንደ ልጅ ሆና፣ "ነርሷን ይጥሩልኝ" አለችኝ። ልጅቷን ጠራኋት። ሲስተር ወይኔ ስንት ጉንጭ፣ በቀን ስንት ጊዜ፣ ከመቼ ጀምሮ ሁሉንም ነገረቻት፤ ልጅቷ እየጻፈች ፊቷን ታጨማድዳለች። "ፊትሽን አታጨማድጂበት" አለቻት። ኦፕራሲዮኑ ለሌላ ሳምንት ተላለፈ።

ስወጣ ዕቃውን በሁለት እጇ ሰጠችኝ። "እስክድን ያስቀምጡልኝ" አለች።

ኦፕራሲዮኑ አልፏል፣ ደህና ናት፣ ያለ ከዘራ ለመሄድ ትለማመዳለች። ዕቃው ግን እስካሁን የእኔ መስኮት ላይ ነው። ልትወስደው ትመጣለች፣ እንዳትመጣም እፈልጋለሁ። አንዳንድ ጠዋት ክዳኑን እከፍትና እዘጋዋለሁ። ሐኪም ቢጠይቀኝ ምንም አልወስድም ነው የምለው። እውነቴን ነው፤ ማሽተት መውሰድ አይባልም።